ለዘመድ፣ ለጓደኛ ያበደሩትን ብር ማስመለስ፦ ከውሉ እስከ አፈጻጸሙ

«የእናቴን ልጅ ፈርምልኝ እንዴት እለዋለሁ?» ያበደሩት ብር ቀርቶባቸው ጠበቃ ቤት ከሚሄዱት ሰዎች ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን የሚሄዱት በዚህ ይሉኝታ ነው። የብድር ክርክር በአብዛኛው የሚወሰነው ብሩ ከእጅ በወጣበት ቀን ነው፤ ችሎቱ የሚያየው ያን ቀን የተሠራውን ወይም ያልተሠራውን ነው። ከዚህ በታች ያለው በፌዴራል ሕጎች ላይ የተመሠረተ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ሲሆን፣ የቤተሰብ ሕግና የፍርድ ቤቶች አደረጃጀት ግን ከክልል ክልል ይለያያል።

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ የ500 ብር ጣሪያ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ላይ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ስላልተነካ አሁን በተግባር ማንኛውም ብድር ወረቀት ይፈልጋል። «ስሰጠው አሥር ሰው አይቷል» የሚለው ክርክር ተበዳሪው ከካደ አይሠራም፤ አሥሩም ቢመጡ ፍርድ ቤቱ የሰው ምስክር አይሰማም። ወረቀት ሳይኖር የሚቀረው ተስፋ ተበዳሪው ችሎት ፊት ቆሞ እንዲያምን ወይም እንዲምል መጠየቅ ነው። ምሎ ከካደ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ በዚያው ያበቃል።

ወረቀቱ ኖሮ ከጠፋ፣ ከተቃጠለ ወይም ከተሰረቀ ግን ነገሩ ይለያል። ቁጥር 2003 በእንዲህ ያለ ጊዜ ምስክር ማቅረብን ይፈቅዳል። ስለዚህ ውሉን ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፤ ሰነዱ እንደነበረ ለማሳየት ይረዳል።

ይኸው ደንብ ተበዳሪውንም ይይዛል። ከ500 ብር በላይ መክፈሉን የሚያስረዳው እሱም በጽሑፍ ነው። ተበዳሪ ከሆናችሁ በየክፍያው ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ጨርሳችሁ ስትከፍሉ ደግሞ ዋናውን ውል «ዕዳው ተከፍሎ አልቋል» አስብላችሁ አስፈርማችሁ ውሰዱ። ከፍለው ሳለ ደግመው የሚከፍሉ ሰዎች አሉ፤ በአበዳሪ እጅ የቀረ ወረቀት መናገሩን አያቆምም።

ውሉን መጻፍ

ጠበቃ አያስፈልጋችሁም። አንድ ገጽ ይበቃል። እንዲህ ያለ ነገር፦

*የብድር ውል። አበዳሪ፦ (ስም ከነአባትና ከነአያት)፣ አድራሻ ክፍለ ከተማ … ወረዳ … የቤት ቁጥር … የመታወቂያ ቁጥር …። ተበዳሪ፦ (እንዲሁ)።*
*1. እኔ ተበዳሪ ብር 200,000 (ሁለት መቶ ሺህ ብር) ከአበዳሪ ላይ ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. በ… ባንክ ሒሳብ ቁጥር … ገቢ ተደርጎልኝ በብድር ተቀብያለሁ።*
*2. ገንዘቡን እስከ … ቀን … ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ወይም በየወሩ ብር … እከፍላለሁ።*
*3. ወለድ፦ በዓመት … በመቶ (ወይም «ያለ ወለድ»)።*
*4. በተባለው ቀን ካልከፈልኩ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ እንደ ዘገየሁ ይቆጠራል።*
*የተበዳሪ ፊርማ፣ የአበዳሪ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ስም፣ አድራሻና ፊርማ።*

አንቀጽ 1ን አትቸኩሉበት። «ተቀብያለሁ» የሚለው ቃል ትልቅ ነው። «ሊያበድረኝ ተስማምቷል» ብቻ ከተባለ «ተስማምተን ነበር እንጂ ብሩን አልሰጠኝም» የሚል መከላከያ ይከፈታል። መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ 20,000ን 200,000 ለማድረግ አንዲት ዜሮ ትበቃለች። ሥርዝ ድልዝ ካለ ጎኑ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ከአንድ ገጽ ከበለጠ በየገጹ።

የመክፈያ ቀን ካልተጻፈ ውሉ አይፈርስም፤ ተበዳሪው ከተጠየቀ በኋላ የአንድ ወር ጊዜ ያገኛል። ግን «መቼ ጠየቅኸኝ?» ወደሚል ሌላ ክርክር ስለሚያስገባ ቀኑን ቁረጡ።

ሁለት ምስክር አስፈርሙ። ከሁለታችሁ ጋር እኩል የሚቀራረብ ሰው ይመረጣል፤ የራሳችሁን ሚስትና ልጅ ብቻ ምስክር ማድረግ ውሉን ባያፈርሰውም ለክርክር ይመቻል። ውሉን ውልና ማስረጃ (የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ) ወስዶ ማረጋገጥ ለተራ ብድር ግዴታ አይደለም። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ሂዱ። እዚያ የተፈረመን ሰነድ «ፊርማው የኔ አይደለም» ማለት እጅግ ይከብዳል፤ ቤት ውስጥ የተፈረመ ውል ላይ ግን የፊርማ ምርመራ ተጠይቆ መዝገቡ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ተበዳሪው ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር ከሆነ አማራጭ የላችሁም። በቁጥር 1728 መሠረት የእንዲህ ያለ ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ የሚያስገድደው በውልና ማስረጃ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። በየገጠሩ በአውራ ጣት ታትሞ በቤት ውስጥ የተቀመጠ ስንት ውል አለ! አበዳሪው ወረቀት የያዘ ይመስለዋል።

ባልና ሚስት

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንዱ ተጋቢ ገንዘብ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሌላውን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። የተቀመጠው የገንዘብ ጣሪያ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ዛሬ ሁሉንም ብድር ይነካል። ያልፈረመው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስለት ሊጠይቅ፣ በኋላም የጋራ ንብረት ሲያዝ «እኔ ስለዚህ ብድር የማውቀው የለም» ብሎ ሊቃወም ይችላል።

ስለዚህ ተበዳሪው ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። «አላገባሁም» ካለ የጋብቻ ሁኔታውን የሚያሳይ ማስረጃ ከወረዳ እንዲያመጣ ጠይቁ፤ ቢያንስ ውሉ ላይ ያላገባ መሆኑን ይጻፍ። ወንድማችሁን የሚስቱን ፊርማ መጠየቅ ደስ አይልም። ባሏ ተበድሮ ሲሞት ስለ ዕዳው ለቅሶ ቤት ከመስማት ግን ለእሷም ይሻላታል።

ወለድ

ስለ ወለድ በውሉ ላይ ምንም ካልተባለ ብድሩ ያለ ወለድ ነው። ከተባለ ጣሪያው በዓመት 12 በመቶ ነው (ቁጥር 2479)፤ ከዚያ በላይ የተጻፈ ከሆነ ሕጉ ወደ 9 በመቶ ያወርደዋል። 200,000 ብር በ12 በመቶ በዓመት የሚያመጣው 24,000 ብር ነው፤ በወር አሥር በመቶ የሚያስከፍሉት ምን ያህል ከሕጉ እንደራቁ አስሉት። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል።

አራጣ አበዳሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ወለዱን ዋናው ውስጥ ይጨምሩታል፦ 200,000 ሰጥተው 300,000 ያስፈርማሉ። ተበዳሪዎች ሆይ፣ ያልተቀበላችሁትን ቁጥር አትፈርሙ። የፈረማችሁበት ጽሑፍ በእናንተ ላይ ሙሉ ማስረጃ ነው፤ ከጽሑፉ በተቃራኒ በሰው ምስክር ማስረዳት በመርሕ ደረጃ አይፈቀድም።

አበዳሪዎች የሚረሱት ደግሞ ሌላ ነው። ወለድ ባይስማሙም፣ ተበዳሪው ከዘገየበት ቀን ጀምሮ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ መጠየቅ ይችላሉ (ቁጥር 1803)። ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይሰጥምና ክሱ ላይ ይጻፍ።

ዋስና መያዣ፦ አብዛኛው ሰው የሚሸወድበት

ዋስ ካስገባችሁ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥር ይጻፍ። በቁጥር 1922 መሠረት መጠኑ ያልተጠቀሰ ዋስትና ዋጋ የለውም፤ «ለሚመጣው ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ወረቀት ማበላሸት ነው። «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» ካላለ ደግሞ ዋሱ «መጀመሪያ የዋናውን ተበዳሪ ንብረት አሟጡ» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ዋሱም ባለትዳር ከሆነ የተጋቢው ፊርማ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ካርታውና ሊብሬው እንምጣ። «ካርታውን ይዣለሁ፣ ምን ያመጣል?» ሲሉ ሰምታችኋል። የሰው ቤት ካርታ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ የመያዣ መብት አይሰጥም። በቤት ላይ መያዣ የሚኖረው ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ ንብረቱን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሲመዘገብ ነው። ሳይመዘገብ የቀረ እንደሆነ ባለቤቱ «ካርታዬ ጠፋ» ብሎ ምትክ ያወጣል፣ ቤቱን ይሸጣል፣ እናንተ ዘንድ የቀረው ባለ ማኅተም ወረቀት ብቻ ይሆናል። ሊብሬም ያው ነው፤ የተሽከርካሪ መያዣ ይመዝገብ።

ከዚህ የባሰው የሽያጭ ውል ማስፈረም ነው። «ካልከፈልክ ቤቱ የኔ ነው» ለማለት ተብሎ ብድሩ እንደ ቤት ሽያጭ ይጻፋል። ሕጉ፣ ዕዳው ሳይደርስ «ባትከፍል ንብረቱን እወስዳለሁ» የሚል ስምምነትን አይቀበልም፤ ባለ መያዣ በፍርድና በሐራጅ ነው የሚሄደው። ብድርን ሽያጭ አስመስሎ የጻፈ ሰው ኋላ ላይ ምን እንደሰጠ ራሱ ማስረዳት ያቅተዋል። ተበዳሪ ከሆናችሁ ደግሞ ሽያጭ ፈርማችሁ «ለስሙ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ቼክስ? ነጋዴዎች መካከል «የዋስትና ቼክ» መቀባበል ልማድ ሆኗል። ስንቅ የሌለው ቼክ (በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ) ማውጣት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያስቀጣል፤ ማስፈራሪያ የሆነውም በዚህ ነው። ነገር ግን ቼክ ሲታይ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ «ለዋስትና» ብሎ የያዘው ሰው ያለውን አቋም ራሱ ያወሳስባል። በቼክ ላይ ተመሥርቶ የሚጠየቅ መብት ይርጋውም (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) ከተራ ብድር በጣም ያጠረ ነው። ቼኩን የተቀበላችሁት ከብድር ውሉ ጋር ይሁን፤ ውሉን አይተካም።

ብሩን መስጠት

በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፤ በእጅ አትስጡ። ዝውውሩ ብቻውን ግን ብድር መሆኑን አያሳይም፤ ተበዳሪው «ያለበትን ዕዳ ነው የከፈለኝ» ወይም «ስጦታ ነው» ሊል ይችላል። ምክንያት የሚለው ሳጥን ውስጥ «ብድር፣ በ… ቀን ውል መሠረት» ብላችሁ ጻፉ። አጭር ናት፣ ሁልጊዜ ግን ሳጥኗ ባዶ ትቀራለች። ተበዳሪው ራሱ «ደርሶኛል፣ በመስከረም እመልሳለሁ» ብሎ የላከው የቴሌግራም መልእክት ካለ አትሰርዙት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ (ቁጥር 1205/2012) ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በመልእክት ብቻ መተማመን ግን አልመክርም፤ ስልኩ የማን እንደነበር ክርክር ይነሣበታል።

ቀኑ አለፈ

መጀመሪያ ሽማግሌ ላኩ። ባህልም ነው፣ ርካሽም ነው። ሽማግሌ ፊት የተደረሰው ስምምነት ግን ይጻፍና ይፈረም፦ «ዕዳ እንዳለብኝ አምናለሁ፣ በሦስት ጊዜ እከፍላለሁ»። ይህች ወረቀት ሁለት ሥራ ትሠራለች። ቀድሞ ውል ካልነበራችሁ አሁን የጽሑፍ ማስረጃ አገኛችሁ፤ ከነበራችሁ ደግሞ ይርጋው እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። ያለ ወረቀት ያበደራችሁ ሁሉ ተበዳሪው ገና ሳይጣላችሁ ይህን ዕድል ተጠቀሙበት።

የብድር ይርጋ ዕዳው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ነው (ቁጥር 1845)። ተበዳሪው ዕዳውን ሲያምን ወይም በከፊል ሲከፍል፣ ወይም አበዳሪው ክስ ሲመሠርት ይቋረጣል።

ሽማግሌው ካልተሳካ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፦ ያበደራችሁት መጠን፣ ውሉ የተደረገበት ቀን፣ የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን። በአደራ ደብዳቤ ወይም ኮፒው ላይ «ደርሶኛል» አስብሎ በማስፈረም ይሰጥ። ስድብና ዛቻ አይግባበት፤ ያው ደብዳቤ ነገ ዳኛ ፊት ይነበባል።

ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ማጥፋት ነው። ብድር አለመመለስ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ማንም ተበድሮ ስላልከፈለ ብቻ አይታሰርም። ከመነሻው በማታለል የተወሰደ ከሆነ ወይም ስንቅ የሌለው ቼክ ካለ የወንጀል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡን ለማስመለስ ግን ያኔም ቢሆን የፍትሐ ብሔር መንገዱን አትተዉት።

ክሱ

ክሱ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ውሉ በተደረገበት፣ ወይም ክፍያው ይፈጸም በተባለበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሆነ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ያያል። መዝገብ ቤቱ (ሬጅስትራር) የትኛው ምድብ ችሎት እንደሚመለከታችሁ ይነግራችኋል፤ የዳኝነቱም ክፍያ በጠየቃችሁት ገንዘብ መጠን ይሰላል። ከረታችሁ ወጪና ኪሳራ ተብሎ እንዲተካላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በደሀ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል።

የጽሑፍ ውል በእጃችሁ ካለ ልዩ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ሳይጠቀምበት ይቀራል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 ቁርጥ ያለ የገንዘብ ዕዳ በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ይፈቅዳል። ክሱ በዚህ ቁጥር መቅረቡን ከላይ ትጽፋላችሁ፣ የገንዘቡን መጠንና ተከሳሹ መከላከያ የለውም ብላችሁ ማመናችሁን በቃለ መሐላ ታረጋግጣላችሁ። ተከሳሹ እንደ ተራ ክስ መልስ ይዞ ዝም ብሎ አይገባም፤ መከላከል እንዲፈቀድለት ምክንያቱን በቃለ መሐላ አስደግፎ መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ ወይም ምክንያቱ ካላሳመነ ፍርድ ይሰጣል። ከተፈቀደለት ግን መዝገቡ ወደ መደበኛው ክርክር ይዞራል።

ክሱ ላይ የሚገባው፦ የግራ ቀኙ ስምና አድራሻ፣ ውሉ የተደረገበት ቀን፣ የተሰጠው መጠን፣ የመክፈያው ቀን፣ የተከፈለ ካለ እሱ፣ ከዚያ የምትጠይቁት ዳኝነት (ዋናው ገንዘብ፣ ከ… ቀን ጀምሮ 9 በመቶ ወለድ፣ ወጪና ኪሳራ)። ስለ ተከሳሹ ጠባይ ሦስት ገጽ አትጻፉ። የማስረጃ ዝርዝሩ አብሮ ይቀርባል፤ በኋላ «ሌላም አለኝ» ማለት በቀላሉ አይፈቀድም። ዋናውን ውል ለመዝገብ ቤት አትስጡ፤ ኮፒ አያይዙ፣ ዋናውን በቀጠሮ ቀን ይዛችሁ ቅረቡ።

ተከሳሹ ንብረት እያሸሸ ከሆነ፣ ለምሳሌ መኪናውን ለሽያጭ ካወጣ፣ ከክሱ ጋር የእግድ ማመልከቻ አስገቡ። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የቤቱን ካርታ ቁጥር፣ ባንኩን በስም ጥቀሱ፤ «ያለው ንብረት ሁሉ ይታገድ» የሚል ማመልከቻ አይሳካም።

መጥሪያውን ማድረስ የእናንተ ሥራ ነው። ተከሳሹ ከተሰወረ በጋዜጣ እንዲጠራ አመልክቱ። በአግባቡ ተጠርቶ ከቀረ በሌለበት ይታያል። እናንተ ከቀራችሁ መዝገቡ ይዘጋል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳዩ ወደ አስማሚ ሊመራም ይችላል፤ አትናቁት። ዳኛ ፊት የጸደቀ ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ከዘመድ ጋር ያለ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ከፍርዱ ይልቅ ይህ ይሻላል።

ውጭ አገር ያላችሁ ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ላኩ፣ አገር ቤት ሲደርስም በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይረጋገጥ። «ስለ እኔ ሆኖ ማንኛውንም ነገር ይሥራ» የሚለው አይበቃም፤ ክስ የመመሥረት፣ የመታረቅና ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን በግልጽ ይጠቀስ። ችሎት ቆሞ የሚከራከርላችሁ ደግሞ ጠበቃ ወይም የቅርብ ዘመድ ይሁን፤ ጓደኛ አይፈቀድለትም። አቅም ለሌላችሁ የዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፣ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር።

ተበዳሪው ከሞተ ዕዳው አይሞትም። ከውርስ ሀብቱ ላይ ይከፈላል፤ ውርስ አጣሪ ከተሾመ ንብረቱ ሳይከፋፈል ፈጥናችሁ ማስረጃችሁን ለእሱ አቅርቡ።

ከፍርዱ በኋላ

ፍርድ ማግኘት ብር ማግኘት አይደለም። ባለዕዳው በፈቃዱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ በተለየ ማመልከቻ ይከፈታል፣ የፍርዱ ግልባጭ ተያይዞ። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ንብረት አይፈልግላችሁም፤ የምትጠቁሙት እናንተ ናችሁ። ባለዕዳው የት ነው የሚሠራው? ደመወዙ በየትኛው ባንክ ይገባል? ሱቁ በማን ስም ነው? መኪና አለው? ይህን ማወቅ የሚቀልለው ስታበድሩ፣ ገና ወዳጅ ሳላችሁ ነው። ውሉ ላይ የሥራ ቦታውንና የባንክ ሒሳቡን ማስገባት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከደመወዝ የሚቆረጠው እስከ አንድ ሦስተኛ ነው። የሚለብሰው ልብስና ሠርቶ የሚበላበት መሣሪያ አይያዝበትም፤ የልብስ ሰፊን ሲንጀር አውጥቶ መሸጥ አይታሰብም። ቤትና መኪና ተገምተው በሐራጅ ይሸጣሉ፤ የጋራ ከሆኑ ተጋቢው ተቃውሞ ይዞ ይመጣል፣ ሁለቱም ፈርመው ከነበረ ግን ተቃውሞው ብዙ አይራመድም።

ባለዕዳው ዛሬ ምንም ከሌለው መዝገቡ ለጊዜው ይዘጋል፤ ይህ ማለት ዕዳው ተሰርዟል ማለት አይደለም። ፍርዱ ከተሰጠበት ጀምሮ 10 ዓመት እስኪሞላ ንብረት በተገኘ ጊዜ ማንቀሳቀስ ይቻላል። የመዝገቡን ቁጥርና የፍርዱን ግልባጭ ከውሉ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።